ያልተነከረው ጩቤ

ጋሽ ፍሙ ከአልጋው የሚነሳው በአንዴ አይደለም፤ በየተራ ነው። መጀመሪያ እግሮቹ ይወርዳሉ። ቀጥሎ ወገቡ ተለምኖ ይነሳል። በመጨረሻ ቀኝ ትከሻው፣ ያ ዕድሜውን ሙሉ መዶሻ ሲያነሳ የኖረው ትከሻ፣ እያጉረመረመ ይከተላል። ሁሉም ተሰብስበው ሲቆሙ «ኤዲያ!» ይላል። ማንን እንደሆነ አይታወቅም። ምናልባት ቀኑን ይሆናል።

ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው። እሳት ፊት ቆሞ የኖረ ሰው ዓይኑ ይቀላል፣ የእሱ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤት «አንተ ሰውዬ፣ ፍሙን እዚያው ምድጃህ ላይ ትተኸው አትመጣም? በዓይንህ ይዘኸው ትዞራለህ እንዴ?» አለችው። በዚያው ቀረ። አግብተው የወጡት ልጆቹ እንኳ ስልክ ሲደውሉ እናታቸውን «ፍሙ እንዴት ሰነበተ?» ነው የሚሏት።

የሥራ ቤቱ ከማድ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። በማድ ቤቱ የኋላ በር ወጥተው አንድ ደረጃ ሲወርዱ ምድጃው፣ መስፉ፣ ሞርሳው፣ የተቃጠለ ዘይት የሞላው በርሜል፣ የከሰሉ ክምር። መስፉ ብረት የሚቀጠቀጥበት ወፍራም ብረት ነው፤ መሃሉ ከመደብደብ ብዛት ጎድጉዷል። ቤቱ ጨለማ ነው። መስኮቱ በቆርቆሮ ተደፍኗል። አዲስ ሰው ሲገባ «መብራት ጠፋ እንዴ?» ይላል። አልጠፋም። የጋለ ብረት መድረስ አለመድረሱ የሚታወቀው በቀለሙ ነው፤ ፀሐይ ካገኘው ደግሞ ቀለሙ ይዋሻል። ውጭ ጥቁር የመሰለው ብረት ጨለማ ውስጥ ሲታይ ቀልቶ ይገኛል። ስለዚህ ብረት ቀጥቃጭ ብርሃንን እንደ ሌባ ነው የሚጠላው፤ በቀዳዳ እንኳ እንዳይገባበት ይጠብቃል።

ጋሽ ፍሙ በወጣትነቱ ያልሠራው የለም፤ መጥረቢያ፣ ማጭድ፣ የበር ማጠፊያ። አሁን ይህ ሁሉ ከፋብሪካ ይመጣል፣ ያውም በርካሽ። የቀረለት ጌጥ ነው። ትልቁ መንገድ ላይ የግድግዳ ጌጥ የሚሸጥ ባለሱቅ አለ፤ ለእሱ ሰሌዳ ይሠራል። በአንድ ጣውላ ላይ መሃሉን መስቀል፣ ግራና ቀኙን ሁለት ጩቤ። የሰላሙ ዕቃና የጠቡ ዕቃ አንድ ጣውላ ላይ ምን አገናኛቸው ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ሰው ሳሎኑ ውስጥ ከሶፋው በላይ ይሰቅለዋል፣ እንግዳ ሲመጣ «ያምራል» ይባላል፣ አለቀ።

መስቀሉን ከአንድ ድፍን ብረት ነው የሚያወጣው። ብየዳ አይነካውም። ብረቱን አግሎ ከላይኛው ጫፍ ከመሃሉ ትንሽ አሳልፎ በመሮ ይሰነጥቀዋል፤ ከዚያ ወደ ጎን ያዞረውና ከታችኛው ጫፍ እንደገና ይሰነጥቀዋል። ሁለቱ ስንጥቆች መሃል ላይ ይተላለፋሉ። እንደገና አግሎ ሲከፍተው ያ ዱላ የመሰለ ብረት አራት ክንድ ይዘረጋል፣ መሃሉም ላይ ትንሽ ባዶ መስኮት ይቀራል። ያየው ሰው ሁሉ አገላብጦ «የት ጋ ነው የተበየደው?» ይላል። ጋሽ ፍሙ «ፈልገው» ይልና ፊቱን ወደ እሳቱ ያዞራል። የሚያዞረው ፈገግታው እንዳይታይበት ነው።

ጩቤው ሌላ ጣጣ አለው። የሚሠራው ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ጭነቱን ከሚሸከመው ጠፍጣፋ ብረት፣ ነው። ቅርጹ ካለቀ በኋላ እንደገና ይግልና የበሰለ ቲማቲም ሲመስል ዘይት ውስጥ ይነከራል። ብረቱ የሚጠነክረው ያኔ ነው። ከቲማቲምነት አልፎ ወደ ብርቱካን ከሄደ ግን ዘይቱ ውስጥ ይሰነጠቃል፤ የዋለበት ሥራ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ባለሱቁ ይህን ሁሉ ድካም ባየ ቁጥር ይስቃል።

«ጋሼ፣ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ነገር ምን ያስነክረዋል? ማን ሊወጋበት ነው፣ ዝንብ?»

«ዝንቧም ብትሆን በደንብ ትወጋ» ይላል ጋሽ ፍሙ።

ቀልድ ይምሰል እንጂ ቀልድ አይደለም። ያልተነከረ ጩቤ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ሌላው ኩራቱ ሁሉ አንድ በአንድ ረግፎ ይቺ ቀርታለች። ድርቅናም ልትሉት ትችላላችሁ፤ ሚስቱም እንዲያ ነው የምትለው።

የመጀመሪያ ልጃቸው ሳይወለድ ጀምሮ ወናፍ የምታናፋው ሚስቱ ናት። ከቆዳ የተሰፋው ወናፍ ተጣጥፎ ሲነሳና ሲወድቅ «ፉ... ፉ...» ይላል፣ እሳቱ ይተነፍሳል፣ እሷ እጇ ወናፉ ላይ ዓይኗ ብረቱ ላይ ነው። ጩቤው ተነክሮ ሲወጣ ደግሞ ተራው የእሷ ይሆናል። ሞረዱን ትይዝና ስለቱ ላይ አንድ ጊዜ ሳብ ታደርገዋለች። በደንብ የተነከረ ብረት ሞረድ አያስነካም፤ ሞረዱ በረዶ ላይ እንዳለ ይንሸራተታል። ያልተነከረውን ግን ይነክሰዋል። ካለፈ በብርጭቆ ወረቀት አሽታ ታብለጨልጨዋለች።

ሥራ ላይ ብዙ አይነጋገሩም። አንዳንዴ ጩቤ ሲሰነጠቅ ጋሽ ፍሙ ይቆጣል። «አበዛሽው!» ይላል፤ ወናፉን ማለቱ ነው። እሷ «እሺ» ትላለች። ወናፉን ያበዛችው እሷ ትሁን እሱ ብረቱን አቆይቶት ይሁን ተጣርቶ አያውቅም። እሱ «አበዛሽው» ይላል፣ እሷ «እሺ» ትላለች፣ ቀጣዩ ብረት እሳት ይገባል።

ባለሱቁ አንድ ጊዜ አዝኖላት በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማናፊያ ይዞ መጥቶ ነበር። «እትዬ፣ ከዚህ ወዲያ እጅሽን አሳርፊው፤ ይቺን ሰክተሽ ቁጭ ነው» አላት። እሷ አንድ ጊዜ ሰካችው፣ ጩኸቱን ሰማች፣ ነቀለችው። «ራሴን ያመኛል» አለች። ማናፊያው የዕቃ ማስቀመጫው ሥር ገብቶ አቧራ ጠጣ። ጋሽ ፍሙ በሆዱ «እቺ ሴትዮ ከድካም ጋር ተጋብታለች» አለ። ትከሻዋ ከእሱ ትከሻ እንደማይሻል ያውቃል። ማታ ማታ ጎን ለጎን ተኝተው አንዱ ሲገላበጥ ሌላው ያቃስታል።

እንግዲህ ጋሽ ፍሙ ከሚስቱ የደበቀው ነገር አለ። አንድ ጠዋት ከሰል ልገዛ ብሎ ወጥቶ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዷል። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ በመብራት አየው፣ በመስታወት አየው፣ ከዚያም ወንበሩን ስቦ ቀረብ አለ። ሐኪም ወንበር ስቦ ሲቀርብ ጥሩ ወሬ እንደሌለው ጋሽ ፍሙ ወዲያው ገባው። «አባቴ፣ ሞራ ቢሆን ተገፎ ይለቅዎት ነበር» አለው። «የእርስዎ ግን ከብሌኑ ጀርባ ነው። እሳቱ ነው የጎዳው። ያለውን እንጠብቅ እንደሆነ እንጂ የሄደው አይመለስም። እሳት ማየት ያቁሙ።»

ጋሽ ፍሙ አመስግኖ ወጣና ከሰሉን ገዝቶ ተመለሰ። ለሚስቱ ትንፍሽ አላለም። ብነግራት ያን ቀን ምድጃውን ውሃ ትደፋበታለች ብሎ ነው። እሷም ደክሟታል፣ ሰበብ ብቻ ነው የሚቀራት ብሎ ነው። ምድጃው ከጠፋ ደግሞ እሱ ምንድነው? ጠዋት በየተራ ተነስቶ የት ሊሄድ ነው?

ራሱን የሚያጽናናበትም ነገር ነበረው። ሐኪሙ ምንም ይበል፣ ጩቤዎቹ አልተሰነጠቁም። የሰው ፊት ከሩቅ ተደባልቆበት፣ የመስፉ ጠርዝ እየተንቀጠቀጠበት፣ የጩቤው ቀለም ግን ሲደርስ አሁንም ያውቀዋል። ብረቱን ያያል፣ «ደረሰ» ይላል፣ ይነክራል፣ ብረቱ ደህና ይወጣል። እንዲያውም ከድሮ ይልቅ አሁን የሚበላሽበት ያነሰ ነው። «ዓይን ቢሄድ ልምድ አይሄድም» እያለ ለራሱ ያወራ ነበር፣ ደረቱንም ነፋ አድርጎ።

አንድ ቀን ሚስቱ ስልክ ተደወለላት። ሌላ ከተማ ያለችው እህቷ መታጠቢያ ቤት ተንሸራታ ዳሌዋ ተሰብሯል፤ የሚያነሳት ሰው የላትም። ሚስቱ ልብሷን በፌስታል ጠቀለለች። ልትወጣ ስትል ተመልሳ በሥራ ቤቱ በር ቆመች።

«እስክመለስ መስቀሎቹን ሥራ» አለችው። «ጩቤዎቹን ተዋቸው።»

«ምነው? ያላንቺ እሳት አይነድም?»

«እንደዚያ አልወጣኝም። ብቻ ተዋቸው፣ ስመጣ እንጨርሳለን።»

«ሂጂ፣ አውቶብስ ያመልጥሻል» አላት። ትንሽ ቆማ አየችውና ሄደች።

እንዳለችው አደረገ። መስቀሎቹ ላይ ምንም አልተቸገረም፤ መሮውን ጣቱ ነው የሚመራው፣ ስንጥቁን ጆሮው ይሰማዋል። መስቀሎቹ ተከፍተው ግድግዳው ሥር ተደረደሩ። ከዚያ ባለሱቁ እየተጣደፈ መጣ። አዲስ የሚከፈት ሆቴል ለአዳራሹ ሰሌዳዎች ፈልጓል፣ ባለቤቱ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

«እትዬ እስክትመጣ መጠበቅ አልችልም፣ ጋሼ። ካልሆነ ከሌላ ሰው ብየዳውን እገዛለሁ።»

ብየዳ የሚለው ቃል ጋሽ ፍሙን እንደ ስድብ ነው የሚቆጠቁጠው። «ይደርስልሃል» አለ። ባለሱቁ በወጣ ማግስት ማናፊያውን ከአቧራው ውስጥ አወጣና ሰካው።

ማናፊያው ጮኸ፣ እሳቱ ተንቦገቦገ። ጋሽ ፍሙ የመጀመሪያውን ጩቤ በጉጠት ይዞ አስገባ። ጠበቀ። አየው። ደርሷል? ትንሽ ጠበቀ። «ደረሰ» አለና ዘይቱ ውስጥ ከተተው። ዘይቱ ተንጨረጨረ፣ ጭስ ወጣ፣ ከጭሱም ውስጥ «ጪ» የምትል ትንሽ ድምፅ ሰማ። ትኩስ ሻይ የተቀዳበት ብርጭቆ ሲሰነጠቅ እንዲህ ይላል። ሲያወጣው ከስለቱ እስከ ወገቡ የፀጉር ያህል ቀጭን መስመር ጣቱን ቧጠጠው።

«ማናፊያው ነው» አለ። ነቀለው። በግራ እጁ ወናፉን፣ በቀኙ ጉጠቱን ይዞ ሁለተኛውን ሞከረ። ትከሻው እየጮኸበት አናፋ፣ አየ፣ ነከረ። «ጪ።»

«ባሌስትራው ነው። የዘንድሮ መኪና ባሌስትራው ሳይቀር የወረቀት ነው» አለ። ሌላ ባሌስትራ፣ የድሮ፣ የታመነ፣ ከጥግ አወጣና ቀጥቅጦ ቅርጽ ሰጠው። እጁ ላይ ውሃ የሚቋጥር ሥራ ሠርቶ፣ አግሎ ነከረ። «ጪ።» ዘይቱን ወቀሰ። ከሰሉን ወቀሰ። ከዚያ የሚወቀስ አለቀ። በልማድ ወደ ወናፉ ዞረና «አበዛሽው!» አለ። ቆዳው ወለሉ ላይ ተኝቷል። «እሺ» የሚል አልነበረም።

ጋሽ ፍሙ ባልዲ ደፍቶ ተቀመጠ። ማወቅ አልፈለገም ነበር፣ ግን ነገሩ ተራ በተራ እየመጣ ፊቱ ቆመ። ሚስቱ ስታናፋ ወናፉ «ፉ... ፉ...» ይላል። ከዚያ ይዘገያል። ከዚያ ዝም ይላል። እሱ ዝም ካለ በኋላ ወደ ብረቱ ያይና «ደረሰ» ይላል። ሁልጊዜ ከዝምታው በኋላ። ወናፉ እያናፋ ሳለ «ደረሰ» ያለበትን ቀን ለማስታወስ ሞከረ፣ አንድም አጣ። ታዲያ ማን ነበር ቀለሙን የሚያየው? የእሱ ዓይን ነው ወይስ የእሷ እጅ?

አፈረ። ብቻውን ተቀምጦ፣ ማንም ሳያየው፣ ፊቱ እስኪግል አፈረ። «ልምድ አይሄድም» እያለ ደረቱን የነፋበት ቀን ሁሉ ትዝ አለው።

ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራም። በማግስቱ ግን ካለመሥራት የባሰ ሠራ። የባለሱቁ ቃል መጣበት፤ ማን ሊወጋበት ነው፣ ዝንብ? ያልተነከረ ጩቤና የተነከረ ጩቤ ግድግዳ ላይ ወንድማማች ናቸው። በብርጭቆ ወረቀት ካሸኸው እኩል ያበራል። እድሜ ልኩን «አይሆንም» ያለውን ነገር አሁን እሺ ቢል ማንም አያውቅም። ሐኪሙ እንዳለው እሳት ማየቱም ይቀንሳል። ምድጃው አይጠፋም። ሚስቱም ምንም ሳታውቅ ትኖራለች። ከሞረዱ በቀር የሚያሳብቅበት የለም፤ እሷ ሳትመጣ ባለሱቁ ከወሰዳቸው ደግሞ ሞረዱም አፉ ተዘጋ።

የተሰነጠቁትን ከሰሉ ክምር ውስጥ ቀበራቸው። የቀሩትን ሳይነክር ሞረዳቸው፣ አሻቸው፣ እጀታ አበጀላቸው። ሲያልቁ አማሩ። እውነቱን ለመናገር ከሠራቸው ሁሉ አማሩ። ሊያያቸው ግን አልወደደም፤ ጨርቅ ጣል አደረገባቸው።

ሚስቱ ከተጠበቀችው ቀድማ መጣች። እህቷ በምርኩዝ መራመድ ጀምራለች። ሚስቱ ግን ተሸክማ፣ አጥባ፣ አገላብጣ የመጣች ናትና ፊቷ ጠውልጓል። ጫማዋን አወለቀችና በሩ ላይ ቁጭ አለች። ለእሱ የሱፍ ካልሲ ገዝታለታለች። «ለጠዋቱ ብርድ» አለች። ካልሲውን ተቀብሎ ኪሱ ከተተው።

በማግስቱ ጠዋት «ዛሬ አትግቢ፣ ረፍት አድርጊ፤ ባለሱቁ መጥቶ ይወስዳል፣ ሁሉም አልቋል» አላት።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ሻይዋን ጨርሳ ገባች። ምን ያደርጋታል? ባለሱቁም ወዲያው ከተፍ አለ፣ ጨርቁን ገለጠ፣ አፉን ከፈተ። «ጋሼ! ይሄ የእጅ ሥራ ነው የጥበብ ሥራ?» አንዱን ጩቤ አንስቶ ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። ሚስቱ ሌላውን አነሳች። ሞረዱን ከሚስማሩ ላይ አወረደች። ጋሽ ፍሙ መስፉን ያዘ።

ሞረዱን ስለቱ ላይ ሳብ አደረገችው። አልተንሸራተተም። «ግርር» ብሎ ነከሰ፣ ቀጭን የብረት ዱቄትም ጣቷ ላይ ወደቀ። ባለሱቁ አልሰማም፣ ቢሰማም አይገባውም። ሚስቱ ግን ቀና ብላ ባሏን አየችው። ፊቷን አጥርቶ ማየት አልቻለም።

ከዚያ ጩቤውን ቦታው መለሰችው፣ የብረቱን ዱቄት በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ባለሱቁ ዞረች።

«ጥሩ ናቸው» አለች። «ውሰዳቸው።»

ድምፅዋ የደከመ ነበር። ጋሽ ፍሙን ልቡን የወጋው ይሄ ነው። ሞረዱ ያሳብቅብኛል ብሎ ሲፈራ አሁን ደግሞ ሞረዱን አፉን ያዘችለት። ወናፉን ዝም እንዳሰኘችለት ሁሉ ይሄንንም ዝም አሰኘችለት። ይቺ ሴት ለእሱ ስትዋሽ ስንት ጊዜ ነው የኖረችው? እሱስ ስንት ጊዜ ጮኸባት?

ባለሱቁ ጩቤዎቹን መሰብሰብ ጀምሮ ነበር።

«ተዋቸው» አለ ጋሽ ፍሙ።

«አቤት?»

«አልተነከሩም። እንደ ስጋ የለሰለሱ ናቸው። ነገ ከሰዓት ና።»

«ጋሼ በናትህ! ለግድግዳ ነው እኮ! ሰውየው—»

«ነገ ከሰዓት ና አልኩህ! መስቀሎቹን ውሰድ፣ ለሰውየው አሳየው፣ የተበየደበትን ቦታ ይፈልግ። እስኪያገኘው ነገ ይደርሳል።»

ባለሱቁ ሚስቱን ተስፋ አድርጎ አየ። እሷ ትከሻዋን ነቀነቀች። መስቀሎቹን ተሸክሞ እያጉረመረመ ወጣ። ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ዓይኔ ሄዷል» አለ ጋሽ ፍሙ።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ወደ ላይ ጠቆመች። ጣራው ላይ፣ ልክ ከምድጃው በላይ፣ ከውስጥ በኩል የተቸነከረ አሮጌ ጆንያ አለ። ጋሽ ፍሙ ጆንያውን ብዙ ጊዜ አይቶት፣ ለዝናብ ነው ብሎ አልፎታል።

«ጣራው ሲቀየር አናጢው እዚያ ጋ ቆርቆሮ አንሶት ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ መታበት» አለች። «ቀትር ላይ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ እሳቱ ላይ ወረደች። አሁን ይጮሃል፣ አሁን አናጢውን በጉጠት ያሯሩጠዋል እያልኩ ጠበቅኩ። አንተ ፀሐዩ ውስጥ ቆመህ ብረቱን እያየህ ‹ገና ነው፣ አናፊ› አልከኝ። ብረቱ ሊፈስ ምንም አልቀረውም ነበር። ማታውን ወንበር ላይ ወጥቼ ጆንያውን ቸነከርኩ።»

ጋሽ ፍሙ ወደ ላይ አየ። ጆንያው ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ነገር ደብዝዞ ታየው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ከሰል ልገዛ ብለህ የሄድክበትን ነግረኸኛል? ከሰል ሻጩ ሐኪም ቤት በር ላይ አይቶህ ‹ባልሽን ምን አገኘው?› ብሎኛል።»

ጋሽ ፍሙ ተናደደ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ተናደደ። «እኔን እንደ ሕፃን! ይሄን ሁሉ ጊዜ እኔ ነኝ እያልኩ፣ ደረቴን እየነፋሁ... በሆድሽ ስቀሽብኛል።»

«መሳቅ?» አለች። ሞረዱን ወርውራ መስፉ ላይ ጣለችው። «ለመሳቅ ጉልበት ይፈልጋል። እኔ ደክሞኛል፣ ገባህ? ወናፉ አይደለም ያደከመኝ። ወናፉን ዕድሜዬን ሙሉ ነፍቼዋለሁ። አንተ እንዳታውቅ መጠንቀቁ ነው የገደለኝ። ልክ ሲደርስ ዝም ማለት፣ ዝም ስል ደግሞ እንዳይነቃብኝ በወገቤ አሳብቤ ቀና ማለት፣ ሲሰነጠቅ መሰደብ። እህቴን ሳገላብጥ ሰንብቼ ያረፍኩ መሰለኝ። እረፍት መስሎኝ ደነገጥኩ።»

ጋሽ ፍሙ ባልዲው ላይ ተቀመጠ። ቁጣው ከመጣበት ፍጥነት በላይ ሄደ። የቀረው ድካም ብቻ ነው።

«እንዝጋው» አለ ቀስ ብሎ። «ውሃ ድፊበትና እንዝጋው። አንቺም እረፊ።»

የዘላለም ፍርሃቱን በራሱ አፍ ተናገረው። እሷ ግን ባልዲውን አላነሳችም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ምድጃውን አየች፣ ጩቤዎቹን አየች፣ እሱን አየች።

«ነገ ከሰዓት ና ያልከው ሰውዬስ?»

«እሱን ተይው።»

«አልተወውም። አፍህን የከፈትከው አንተ፣ የምታሳፍረው እኔን። ተነስ።» ጉጠቱን ከሚስማሩ ላይ አወረደች። ትሰጠኛለች ብሎ እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም። በአገጯ ወደ ወናፉ አመለከተች። «እዚያ ነው ቦታህ። ፊትህን ወደ ግድግዳው አድርግ፣ እሳቱን አትይ ተብለሃል።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሐኪም ሁሉ ያው ነው። ተቀመጥ።»

ጋሽ ፍሙ በሕይወቱ ሙሉ ከምድጃው በዚያኛው በኩል ተቀምጦ አያውቅም። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ጉልበቱ አገጩ ሥር መጣ። የወናፉ እጀታ በሚስቱ መዳፍ ልክ ተበልቷል፣ የእሱ እጅ አልገጠመለትም። ጀርባውን ለእሳቱ ሰጥቶ አናፋ። «ፉ... ፉ...» ትከሻው ጮኸ። ይሄን ነው እንግዲህ ስታደርግ የኖረችው አለ በልቡ፤ ይሄን እያደረገች ደግሞ የእኔን ዓይን ይዛልኝ።

እሷ ጩቤውን አስገባች። እጀታው የወለቀው ጩቤ ከሰሉ ውስጥ ተቀበረ። ጋሽ ፍሙ አናፍቶ፣ አናፍቶ፣ መጠየቅ ከበደው፤ ከዚያ ጠየቀ።

«ደረሰ?»

«ገና።»

አናፋ። ስንት ዓመት «ደረሰ» ብሎ የወሰነ ሰው አሁን «ደረሰ?» ብሎ ጠያቂ ሆነ። ግን ደግሞ፣ ይሄን ለማንም አልተናገረም፣ ደረቱ ላይ የቆየ ድንጋይ ትንሽ ፈቀቅ አለለት። ማስመሰሉ የእሱንም ጉልበት ሲበላ ነው የኖረው።

«በቃ!» አለች። ወናፉን ለቀቀው። ዘይቱ ተንጨረጨረ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው «ጪ» የምትለዋን ድምፅ ጠበቁ። አልመጣችም። ጭሱ ሲሳሳ ጩቤውን አወጣችው፣ ጠረገችው፣ ከሞረዱ ጋር ለእሱ አቀበለችው። ሞረዱን ስለቱ ላይ ሳብ አደረገው። ተንሸራተተ። እንደገና ሳበው፤ አሁንም ተንሸራተተ። አንገቱን ደፍቶ ሌላም ጊዜ ሳበው፣ ዓይኑ እንዳይታይ።

«ምነው፣ ልታሻሽለው ነው?» አለች። «ቀጣዩን አናፋ።»

ቀጣዩን አስገባች። ጋሽ ፍሙ አሁን ወግ ደርሶት፣ ጉልበቱንም ሊያሳያት ፈልጎ፣ ወናፉን በኃይል ይለው ጀመር። እሳቱ ተንቦገቦገ፣ ፍንጣሪው ጆንያው ድረስ ዘለለ። ሚስቱ ጩቤውን ከእሳቱ መንጭቃ አወጣችና ዞራ ጮኸችበት።

«አበዛኸው!»

ጋሽ ፍሙ አፉን ከፈተ። ሊል የነበረው ብዙ ነገር ነበር፤ ከሰሉ፣ ባሌስትራው፣ ብረቱን ያቆየችው እሷ እንደሆነች። ወናፉን ዝቅ አደረገና ትከሻውን አሳረፈ።

«እሺ» አለ።